«ገበያ አለው ወይ?» የምትሉኝ ሁሉ፣ እስቲ ዛሬ ስሙኝ

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያለው ልጅ የላፕቶፕ ቦርሳዬን አይቶ ወሬ ጀመረኝ። ለካ እሱም ኮድ ይጽፋል። ደስ አለኝ፤ እዚህ ከከተማው ዳር እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። በምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። «በኤሊክሰር» አልኩት፤ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ፊቱ ቅዝዝ አለ። «እሱ ደግሞ ገበያ አለው?» ከዚያ በኋላ ሳሪስ እስክንደርስ ሪአክት የሚባለውን ታዋቂ የድረ ገጽ መሥሪያ ስለሚያውቁ ሰዎች ደሞዝ ነበር የሚያወራኝ።

ልጁን አልተቀየምኩትም። ኑሮ ነው እንዲህ የሚያስጠይቀው። የቤት ኪራይ ያለበት፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ሰው ከገበያ ሌላ ምን ይጠይቅ? ግን ወገን፣ ይሄ ጥያቄ በየሄድኩበት ቀድሞኝ እየደረሰ ነው። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ የክፍል ጓደኞቼ ሲሰባሰቡ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው «ምኑን ወደድክለት?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ስሙን አልጠራም። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ሲቪዬን እያየ «ኤሊክሰር? የባህል መድኃኒት ነው እንዴ?» አለ፤ ሦስቱም ሳቁ። የሠራሁትን ሥርዓት በወረቀት ሥዬ ይዤ ሄጄ ነበር፤ የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚገናኝ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዴት እንደሚቀጥል። ማንም አልጠየቀኝም፤ ወረቀቷን እንዳጠፍኳት ይዣት ተመለስኩ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጊዜህን ለምን በዚህ ታባክናለህ?»

መልሱን ያን ቀን አልመለስኩም። ዛሬ ልመልስ።

ከቤት የምወጣው ገና ሳይነጋ ነው። የምመለሰው ማታ 2 ሰዓት ተኩል። የውሃ ተራችን በሆነ ቀን ጀሪካን ሞልቼ አራተኛ ፎቅ ድረስ እሸከማለሁ። ከዚያ እራት። ከዚያ ከእንቅልፍ በፊት የእኔ የምለው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢተርፍ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በታወቁት ቋንቋዎች፣ በፒኤችፒና በጃቫስክሪፕት ሠርቻለሁ፤ እንጀራዬ ናቸው፣ ክፉ አልናገራቸውም። ግን በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ላፕቶፑን መክፈት አቅቶኝ ነበር። ሙያዬን እየጠላሁት ነበር። ደሞዝ ጨምረውልኝም አልተለወጠም። በዚያች ሰዓት መልሶ ያስቀመጠኝ ኤሊክሰር ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነገር ሁሉ፣ ስለ ኔትወርክም ይሁን ስለ ዳታቤዝ፣ በዚያች ሰዓት የተማርኩት ነው። ደስ የሚለውን ነገር መምረጥ ቅንጦት ይመስላችኋል። ለደከመው ሰው ዋናው እሱ ነው። ደስ የማይል ነገር ሌሊት ማን ይማራል?

ያገኘሁትም በሰበብ ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ኢንተርኔትም አብሮት ሄዶ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ቀን ቢሮ አውርጄ የጫንኩትን ከፈትኩ። አይኢኤክስ በሚሉት መሞከሪያ ላይ «ኤች» ብላችሁ የፈለጋችሁትን ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ስም ስትጽፉ ማብራሪያው ከነምሳሌው እዚያው ይወጣል። ያለ ኢንተርኔት! እስከዚያች ሌሊት ድረስ አዲስ ነገር መማር ለእኔ ከኔትወርክ ጋር መታገል ማለት ነበር። ባትሪው እስኪያልቅ ስሞክር አመሸሁ።

አሁን ስለ እድራችን ልንገራችሁ፤ የወደድኩበትን ምክንያት ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለኝም።

እድራችን 140 አባወራ አለው። ጸሐፊያችን በጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። መዝገቡ ሁሉ በእጃቸው የተጻፈ ደብተር ነበር። ዓይናቸው ሲደክም «ልጄ፣ በኮምፒውተር አድርግልኝ» አሉኝ። ተቀምጠን ደንቡን ነገሩኝ፤ በወር 100 ብር፣ ከ10ኛው ቀን ካለፈ ቅጣት፣ ሐዘን ላይ ያለ ቤት በዚያ ወር አይጠየቅም። «ጳጉሜንስ?» አልኳቸው። «ጳጉሜን ማን መዋጮ ይጠይቃል ልጄ!» አሉኝ።

ኤሊክሰር ውስጥ አንድን ፋንክሽን ደጋግማችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ እያንዳንዱ መስመር የራሱን ሁኔታ ይዞ። ወሩ 13 ከሆነ ዜሮ። ሐዘን ላይ ከሆነ ዜሮ። ዘግይቶ ከሆነ ከነቅጣቱ። ያለበለዚያ 100። «ይህ ከሆነ፣ ያ ካልሆነ» እያላችሁ አንዱን በአንዱ ሆድ ውስጥ አትከቱም፤ የእድሩ ደንብ መስመር በመስመር ቁጭ አለ። የፋንክሽኑን ስም በፊደላችን «መዋጮ» አልኩት። ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም በአማርኛ ስም መስጠትን ይፈቅዳሉ፤ ይሄ የኤሊክሰር ብቻ ነው አልልም። ግን ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ኮድ አይተው የማያውቁ የ68 ዓመት ሰው ጣታቸውን እያስከተሉ «መዋጮ… ሐዘን… ዜሮ…» አሉና ቆም አሉ። «ይሄማ ስህተት ነው። በዚያ ወር አይጠየቅም አልኩህ እንጂ ቀረለት አላልኩህም። በሚቀጥለው ወር የሁለቱን ይከፍላል።»

ስህተቴን ያገኙልኝ ጋሼ ናቸው። በስድስት ዓመት ሥራዬ አንድ ባለጉዳይ የጻፍኩትን አንብቦ ሲያርመኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ከደስታ።

የቀን መቁጠሪያውም ነገር አለ። ከዚህ በፊት በሠራሁባቸው ሥርዓቶች የእኛን አቆጣጠር ማስገባት ሁልጊዜ ማጣበቅ ነበር፤ ከውስጥ የፈረንጅ ቀን ይቀመጣል፣ ለሰው ሲታይ ይገለበጣል፣ የሆነ ቦታ አንድ ቀን ይዛነፋል። የኤሊክሰር ቀን ግን ከዓመት፣ ከወርና ከቀን ጋር «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚል አራተኛ ቦታ አለው። የራሳችሁን አቆጣጠር ጽፋችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ምን ምን መመለስ እንዳለባችሁ ተዘርዝሮ ተቀምጧል። በዓመት ስንት ወር? 13። ጳጉሜን ስንት ቀን? ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ 6፤ በሌላው 5። ቀኑ የሚለወጠው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ሳይቀር ይጠይቃችኋል! ይሄን ጥያቄ ሳይ፣ ሰዓቱን ከንጋት የሚቆጥር ሰው በዓለም ላይ እንዳለ ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ልቤ ተነካ።

ለእድሩ አባላት ማስታወሻ የምንልከው በአጭር መልእክት ነው። አንድ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ግን 70 ብቻ። ስለዚህ ፊደል በትክክል መቁጠር ግድ ነው። ፒኤችፒ በተለመደው መቁጠሪያው «ሰላም»ን 9 ይለዋል፤ የሚቆጥረው ባይት (ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ) ነዋ፣ አንዱ ፊደላችን ደግሞ 3 ባይት ነው። ሌላ መላ አለው፣ ግን ማወቅ አለባችሁ፤ ያላወቀ ሰው የሰውን ስም መሃል ላይ ቆርጦ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። በኤሊክሰር «ርዝመቱ ስንት ነው?» ስትሉት 3 ይላችኋል።

ሰርቨሩ፣ ማለትም ሥርዓቱ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ እኔ ቤት ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ መልእክቱ የሚወጣው ላፕቶፑ ላይ በሚሰካ፣ ሲም ካርድ ባለው ዶንግል ነው። መብራት ይሄዳል። ኔትወርክ ይሄዳል። ዶንግሉ ራሱ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ኤሊክሰር የቆመበትን ኤርላንግ የሚባል ቋንቋ ማንሳት አለብኝ። ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊድን ውስጥ ኤሪክሰን በሚባለው የስልክ ዕቃ ኩባንያ ተጀመረ፤ ጆ አርምስትሮንግ፣ ሮበርት ቪርዲንግና ማይክ ዊሊያምስ ለስልክ ማቀባበያ የሚሆን ቋንቋ ሲፈልጉ። የስልክ ማቀባበያ መቆም አይችልም፤ ዕቃ ግን ይበላሻል። ስለዚህ ሥራውን እያንዳንዷ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ በምትይዝ ብዙ ትንንሽ ፕሮሰስ (ለብቻዋ የምትሠራ የፕሮግራም ክፍል) ከፋፈሉት፤ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋን አትነካም፤ ከላይ የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ መልሶ ያስነሳታል። ዶንግሉን የምታነጋግረዋ ፕሮሰስ ስትወድቅ ጋሼ መዝገቡን የሚያዩበት ገጽ አይንቀጠቀጥም። ተቆጣጣሪው በ5 ሴኮንድ ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ካስነሳት ግን እሱም ተስፋ ቆርጦ ይወድቃል፤ ልኩ ካልተቀየረ እንዲያ ነው። ይሄን ሳላውቅ መጀመሪያ ሌሊት ሁሉም ነገር ወድቆ አደረ። አሁን ፕሮሰሷ እየጠበቀች፣ ጊዜውን እያራዘመች ትሞክራለች፤ ያልሄደው መልእክት ዳታቤዝ ላይ ተራውን ይጠብቃል። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው፣ ነገር እንደሚበላሽ አምኖ የተሠራ ቋንቋ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ይሄን ታሪክ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ኤሪክሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ኤርላንግ ለአዳዲስ ሥራ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ የእናንተው ነው፤ የራሳችንን ቋንቋ ከመሸከም ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን እንጠቀም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቋንቋው ለሁሉም በነፃ ተለቀቀ፣ ሠሪዎቹም ወጥተው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ ኤሪክሰን ክልከላውን አነሳ። ዋትስአፕ በሰርቨሩ በኩል የተሠራው በኤርላንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚ ነበረው፤ ኢንጂነሮቹ 32 ነበሩ። ሠላሳ ሁለት! እዚህ ለአንድ ድረ ገጽ ከዚያ የማይተናነስ ሰው ሲመደብ አይቻለሁ።

ኤሊክሰርን የጀመረው ጆዜ ቫሊም ደግሞ ብራዚላዊ ነው። ሉዋ የሚባለው ቋንቋም እ.ኤ.አ. በ1993 ሪዮ ዴ ጄኔይሮ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ወጣ፤ ብራዚል እስከ 1992 ድረስ ሶፍትዌር ከውጭ እንዳይገባ ታጠብቅ ስለነበር የራሳቸውን መሥራት ለምደው ነበር። ዛሬ ልጆቻችሁ ሮብሎክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ሲጫወቱ ከሥር ያለው ከሉዋ የወጣ ቋንቋ ነው። እኛስ? እኛ ገበያው ላይ ያለውን ብቻ እየለቀምን ማንን እንጠብቃለን?

አንድ ተቃውሞ አለ፣ እሱን አከብረዋለሁ። «አንተ ነገ ብትሄድ ማን ይይዘዋል?» እውነት ነው፤ እዚህ አገር ኤሊክሰር የሚያውቅ ሰው በማስታወቂያ አይገኝም፣ ለቀጣሪም ስጋት ነው። እኔም ራሴ ቀን ቀን አሁንም ጃቫስክሪፕት ነው የምጽፈው። ግን ያንኑ ስጋት ሰበብ አድርጎ ሁለት ሰው ሲያንቀሳቅሰው የነበረን ደህና ሥርዓት ወደ ታዋቂ ቋንቋ ለመገልበጥ ስምንት ወር የፈጀ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። አዲሱን የጻፉት ልጆች በዓመቱ የተሻለ ደሞዝ አግኝተው ሄዱ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሞልቶ ነበር፤ ሥራውን የሚያውቅ ግን አልተረፈም።

የእድሩን ነገር ግን አስቤበታለሁ። ጎረቤቴ ያለች ልጅ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ስልጠና ወስዳ «አሁን ምን ልማር?» ብላ መጥታ ነበር። ጋሼ ያረሙትን ፋይል ከፍቼ አሳየኋት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቅጣቱን ደንብ ራሷ ለወጠችው፤ አሁን እኔ ባልኖርም የሚያስነሳው ሰው አለ። ባለፈው እሑድ እናቷ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ለመሆኑ ሥራ ያስገኝላታል ወይ?» አሉኝ። እናት ናቸው፣ ይጠይቁ። «ሥራውን በሌላ ቋንቋም ታገኘዋለች እማማ፤ በዚህ ግን ማታ ማታ ሳትሰለች ትማራለች» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «እሱስ እውነትህን ነው፣ መብራት ጠፍቶ እንኳ አትነሳም» አሉ።

ከሁሉም የከበደኝ ነገር ቃለ መጠይቁም፣ ሳቁም አይደለም። የጻፍኩትን የማሳየው ሰው ማጣት ነው። አንድ ነገር ሲያምርልኝ የማሳየው ሰው ፍለጋ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አሁን ሁለት ሆነናል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ አካባቢ ያላችሁ፣ ኤሊክሰርም ሆነ ሃስኬል፣ ሉዋም ሆነ ሊስፕ፣ ሰው «ምን ይሠራልሃል?» እያለ የሚያሳፍራችሁ ቋንቋ ካላችሁ እዚሁ አስተያየት ላይ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከብሎካችን ሥር ቡና የምታፈላዋ እህታችን ጋ እንቀመጣለን። ባትሪያችሁን ሞልታችሁ ኑ፤ ቅዳሜ መብራት አያስተማምንም።