የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ብቻ አይደለም

«የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የፀሐይን ጨረር ይመክትልናል፤ በሽታው ከነጮች ይልቅ በኛ ላይ በጣም ያንሳል። ግን «እኛን አይነካንም» ብለን ስለተቀመጥን፣ ሲመጣ አናውቀውም። አሜሪካ ውስጥ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ ዓይነት ከተገኘባቸው ነጮች ከ100ው 94 ያህሉ አምስት ዓመት ያልፋሉ። ከጥቁሮቹ 70 ገደማ ብቻ ናቸው። አንዱ ትልቅ ምክንያት ዘግይቶ መታወቁ ነው።

ቦብ ማርሌይን እናስታውስ። አዲስ አበባ ላይ ሐውልት የቆመለት፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀው ቦብ። እ.ኤ.አ. በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ላይ የነበረው ቁስል የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። ሲመረመር ከጥፍሩ ሥር ሜላኖማ ተገኘ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ አልተቀበለም። ጥፍሩና ዙሪያው ያለው ሥጋ ብቻ ተነሣ። በሽታው እስከ አንጎሉ ተሰራጭቶ በ1981 ሞተ። ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ የፀሐይ ጣጣ አይደለም። የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። የውጭ አገር ምክር እንዳለ ተገልብጦ «የፀሐይ ክሬም ተቀቡ» ሲባል የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። ለአብዛኞቻችን የመጀመሪያው ምክር «እግራችሁን እዩ» መሆን አለበት።

ማታ እግር ስንታጠብ ውስጥ እግራችንን ገልበጥ አድርገን እንይ፤ በጣቶቹ መሐልም ጭምር። ጎንበስ ማለት የከበዳቸውን እናትና አባት እግር የሚያጥብ ልጅ ይይላቸው። እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥብ ካለ፣ ወይም ሳይጋጭ የሚደማ እብጠት ካለ፣ «እሾህ ወግቶኝ ነው» ብሎ መተው አያዋጣም። ጥፍር ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመር በጥቁር ሰው የተለመደ ነው። ብዙ ጣት ላይ ካለና ለዓመታት ካልተለወጠ አያስደነግጥም። ጫማ የመታው ጥፍርም ጥቁረቱ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት እያደገ ይወጣል። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የመጣ፣ ይባስ ብሎም አልፎ ቆዳውን ማጥቆር የጀመረ መስመር ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ደግሞ የቆየ ጠባሳ ጉዳይ ነው። በልጅነቱ እሳት ላይ የወደቀ ወይም ፍል ውሃ የፈሰሰበት ሰው ስንት አለ! የሚጥል በሽታ ኖሮበት ምድጃ ላይ የወደቀም አለ። አንዳንዱ ጠባሳ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ይቆስልና አልድን ይላል። ጠርዙ ይደድራል፣ ይሸታል፣ ሲነኩት ይደማል። ቤተሰብ ቅጠል ያስራል፣ ቅባት ይቀይራል፣ ወራት ያልፋሉ። እንዲህ ዓይነቱ ቁስል ወደ ካንሰር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ሳይድን የኖረ የእግር ቁስልም እንደዚሁ ነው።

ፀሐይ ራሷ ገዳይ የምትሆንባቸው ወገኖችም አሉን፤ አልቢኒዝም ያለባቸው። ሜላኒን የላቸውም፣ ወይም በጣም ትንሽ ነው። አገራችን ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከፍታም ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለነሱ ክሬሙ መድኃኒት ነው። እኛ ጋ ግን ፋርማሲ ውስጥ ከመዋቢያ ጎን ተደርድሮ፣ በመዋቢያ ዋጋ ይሸጣል። እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ቆጥሮ በቅናሽ ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ግን ዛሬም ይቻላል። መምህራንም እነዚህን ልጆች በሰልፍ ሰዓት ጥላ ውስጥ ያቁሟቸው።

ሕክምናው አለ። በጊዜ ከተደረሰበት ዋናው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ብዙውም በዚያው ይድናል። «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ የብዙ ሰው ሕይወት በልቷል። የሚሰራጨው በመቆየቱ ነው። ከተሰራጨ በኋላ የሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ደግሞ ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አጠገብ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ሌላ ቦታ ያለ ሰው ከጤና ጣቢያው ሪፈር ይጠይቅ። እብጠት ወይም ቁስል ተቆርጦ ሲወጣላችሁ ሥጋው እንዳይጣል፣ ካንሰር መሆን አለመሆኑ በላቦራቶሪ እንዲታይ ለፓቶሎጂ ምርመራ እንዲላክ ጠይቁ። የውጤቱን ወረቀትም ሳትቀበሉ አትቅሩ።