ቲቪህ አርጅቷል ያለህ ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ሪሞት ልገዛ መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። የድሮውን ልጄ ሻይ ውስጥ ነክሮት ነው። ሻጩ ሪሞቱን ከመፈለጉ በፊት ቲቪዬ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። 6 ዓመት አልኩት። ለቅሶ ያረዳሁት ያህል ፊቱን አጨፈገገ።

«ጋሼ፣ እሱማ አርጅቷል። አሁን ዶልቢ ቪዥን 2 ወጥቷል እኮ። ከእንግዲህ እሱ የሌለው ቲቪ መግዛት ብር መጣል ነው።»

በ6 ዓመቱ አረጀ! እኛ ሰፈር 6 ዓመት ሞልቶት የጠርዙ ላስቲክ ገና ያልተላጠለት ቲቪ አለ።

በልጁ አልፈርድም፤ እንጀራው ነው። ያናደዱኝ ቃሉን ያቀበሉት ናቸው። የድምፅና የምስል ቴክኖሎጂ የሚሠራው የአሜሪካው ኩባንያ ዶልቢ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2025 ይህን አዲስ ፎርማት አስተዋወቀ። መጀመሪያ የተቀበለው የቻይናው ሃይሴንስ ነው። ሳምሰንግም ዝም አላለም፤ በዚያው ዓመት «ኤችዲአር 10 ፕላስ አድቫንስድ» የሚል የራሱን ይዞ ብቅ አለ። ስሙን ብቻ አንብቦ ለመጨረስ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ሁሉም የኤችዲአር ዓይነቶች ናቸው፤ ብርሃኑ ይበልጥ እንዲደምቅ፣ ጨለማው ይበልጥ እንዲጠቁር፣ ቀለሙ እንዲበዛ ተብሎ የተሠራ የምስል አቀራረብ።

እና ይሄ «2» የተባለው ራሱ ሁለት ነው። ተራው አለ፤ «ማክስ» የሚባል ደግሞ አለ። ማክሱ ለውዶቹ ቲቪዎች ነው። ገና ሱቅ ሳይሞላ በመደብ ተከፋፍሏል ማለት ነው። «ዶልቢ ቪዥን 2 አለው» ብሎ የሚሸጥልህ ልጅ የትኛው 2 እንደሆነ አይነግርህም። ብትጠይቀውም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ያሳቀኝ ግን ዋናው ማሻሻያ ነው ተብሎ የቀረበው ነገር ነው። ተመልካቹ «ፊልሙ ጨለመብኝ፣ ምንም አይታየኝም» እያለ ስላስቸገረ፣ አሁን ጨለማው ትዕይንት ጥርት ብሎ እንዲታይ አድርገናል ይላሉ። እንዴት ነው ነገሩ? የመጀመሪያው ዶልቢ ቪዥን በ2014 ከመጣ ጀምሮ «የምታዩት ዳይሬክተሩ ያየውን ነው» ሲሉን አልነበረም ወይ? ዳይሬክተሩም ጨልሞበት ነበር ማለት ነው? ደግሞ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ መፍታታቸው አይደለም። በ2020 «ዶልቢ ቪዥን አይኪው» ብለው፣ የሳሎኑን ብርሃን እየለካ ምስሉን የሚያስተካክል ዘዴ ሸጠውልናል። ያኔ ከተፈታ አሁን የሚፈቱት ምኑን ነው? ያኔ ካልተፈታስ አሁን ለምን እንመን?

የእንቅስቃሴ ማለስለሻውም፣ ማለትም ቲቪው በምስሎቹ መካከል የራሱን ምስል እየጨመረ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልስበት ዘዴ፣ እንደዚያው ነው። በ2018 መጨረሻ የሆሊውዱ ተዋናይ ቶም ክሩዝ በቪዲዮ ወጥቶ «እባካችሁ ይህን ነገር ከቲቪያችሁ ላይ አጥፉት፣ ፊልሙን ርካሽ ድራማ ያስመስለዋል» ብሎ ሲለምን ነበር። አሁን ያው ነገር በልክ በልክ ተደርጎ፣ ስም ወጥቶለት በዶልቢ ቪዥን 2 ተመልሷል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፎርማት ማለት የአሠራር ወረቀት ነው። የዶሮ ወጥ አሠራር ጽፎ የሰጠህ ሰው ዶሮ አልሰጠህም። ወረቀቱ 12 ብልት፣ ይህን ያህል ሽንኩርት፣ ይህን ያህል ቅቤ ይላል። ጓዳህ ያለው አንድ እንቁላልና ግማሽ ሽንኩርት ከሆነ፣ ወረቀቱ በወርቅ ቀለም ቢጻፍስ ምን ይፈይዳል?

በቁጥር ላስቀምጠው። የስክሪን ድምቀት በኒት ይለካል። የድሮው ተራ ምስል የሚዘጋጀው ለ100 ኒት ነበር። የኤችዲአር ፊልሞች በብዛት ለ1000 ኒት ይዘጋጃሉ፤ እስከ 4000 የሚሄዱም አሉ። ፎርማቱ በወረቀት ላይ እስከ 10,000 ኒት ድረስ ይችላል። እንግዲህ እዚህ ሱቅ ተደርድረው «ኤችዲአር» የሚል ስቲከር የተለጠፈባቸውን ርካሽ ቲቪዎች ተመልከት። ብዙዎቹ 300 ኒት አካባቢ ቢያወጡ ነው። ቲቪው 1000 የሚለውን ትእዛዝ ተቀብሎ በ300 አቅሙ ለማብሰል ይፍጨረጨራል። ወይ ደማቁን ቦታ ነጭ አድርጎ ያጠፋዋል፣ ወይ ሁሉንም ዝቅ ያደርግና ምስሉ ይጨልማል። ያ «ጨለመብኝ» የሚባለው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ወጡ የቀጠነው ወረቀቱ ስላላማረ ነው እንዴ?

ጥቁሩ ደግሞ አለ። ርካሽ ቲቪ ላይ ከስክሪኑ ኋላ ያለው መብራት ቦታ ለይቶ አይደበዝዝም። ጨረቃዋን ለማድመቅ ሰማዩንም አብሮ ያበራዋል። ጎረቤቴ በእቁብ ብር የገዛው 65 ኢንች አለ። ካርቶኑን እስካሁን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጦታል፤ የስቲከሩ ብዛት የኮሎኔል ደረት ያስመስለዋል። አንድ ማታ ፊልም ጋበዘኝ። ሌሊት ሰው ጫካ ውስጥ ይሄዳል። ጫካው አመድ መስሏል። ሌሊት ነው ብዬ ያመንኩት ሰውዬው ባትሪ ስለያዘ ብቻ ነው።

«ታዲያ ኤችዲአር የሚል እንዴት ተለጠፈበት?» ትል ይሆናል። መሠረታዊው ኤችዲአር 10 ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። ቲቪው ምልክቱን ተቀብሎ ምስል ካሳየ በቃ፣ ስቲከሩን ይለጥፋል። በደንብ ማሳየቱ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲሶቹ ፎርማቶች በየትዕይንቱ የሚለዋወጥ መመሪያ ይልካሉ፤ እሺ፣ ይላኩ። የሚላክለት ግን ያው 300 ኒት ነው።

ደግሞ ምን ልናይበት ነው? ጎረቤቴ ጋ ልመለስ። ያ 65 ኢንች ከዲሽ ሪሲቨሩ ጋር የተያያዘው በምን ይመስላችኋል? በዚያች ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባላት ገመድ! የዜና አንባቢዋ ፊት ወደ ጎን ተለጥጦ እንጎቻ አክሏል። ሪሲቨሩ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አለው፤ አቧራ ሞልቶታል። ይህ ሰው በሚቀጥለው እቁብ ዶልቢ ቪዥን 2 ሊገዛ አስቧል። እኔ የማውቀው የሀገር ውስጥ ቻናል አንድም በኤችዲአር አያሰራጭም። አንዳንዱማ ተራውን ኤችዲም በወጉ አላደረሰልንም።

ኔትፍሊክስ አለ ትሉኛላችሁ። አለ። ኤችዲአር የሚሰጠው ግን ውዱን ፓኬጅ ለገዛ ብቻ ነው። ለ4ኬ ምስል 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያስፈልጋል የሚለው ራሱ ኔትፍሊክስ ነው፤ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። የሁለት ሰዓት ፊልም 14 ጊጋ ማለት ነው። ይህን በሞባይል ዳታ ሞክሩትና ንገሩኝ። ያም ሆኖ ፊልሙ መሀል ላይ መብራት ካልጠፋ ነው።

ሻጩ ግን እጅ አልሰጠም። «ኳስ የምትወድ ከሆነ በዚህ ነው ማየት» አለኝ። እዚህ ላይ ትዕግስቴ አለቀ። የቀጥታ ስርጭት ኤችዲአር የራሱ መንገድ አለው። ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ለስርጭት ብለው የሠሩት ኤችኤልጂ የሚባል ፎርማት ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። በየትዕይንቱ የሚላክ መመሪያ አይፈልግም። አርጅቷል የተባለው የእኔ ቲቪ እንኳን ያነበዋል። የሚልክልኝ ነው የጠፋው።

ስልክ ደውዬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የአክስቴን ልጅ ጠየቅሁት። እዚያ ኢንተርኔቱም አለ፣ ፓኬጁም አለ፣ ስለዚህ ሰበብ የለውም። የሱ ቲቪ የ2018 ኦሌድ ነው። ክፍሉን አጨልሞ በብሉሬይ ሲያይ ያምራል፤ እኔም ሄጄ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ያማረው ግን ፓነሉ፣ ስክሪኑ ራሱ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ ትበራለች፣ ለብቻዋ ትጠፋለች። ዘንድሮ የወጣ ርካሽ ቲቪ ስቲከሩን ሁሉ ለጥፎ ከጎኑ ቢቆም ያፍራል።

ሳምሰንግን ደግሞ እዩት። ለዓመታት በዓለም ብዙ ቲቪ በመሸጥ የሚመራው እሱ ነው። ዶልቢ ቪዥንን አንድም ቲቪው ላይ አስገብቶ አያውቅም። የመጀመሪያውንም ቢሆን! ሰማይ ተደፋ? ፊልሙ ወደ መሠረታዊው ኤችዲአር 10 ወርዶ ይታያል፤ ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰውም ልብ አይልም። ሻጩ ያ ሁሉ ሚሊዮን ገዢ ብሩን ጣለ ሊለኝ ነው?

የሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ቲቪም እንዲሁ ተብሎለት ነበር። መነጽር አድርገን ካላየን ኋላ ቀር ነን ተባልን። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሶኒና ኤልጂም በ2017 ተዉት። መነጽሩ አሁን የስንቱ ሰው መሳቢያ ውስጥ ከሞተ ባትሪ ጋር ተቀምጧል።

ቲቪህ ከተበላሸ ግዛ። ስትገዛ የፎርማቱን ስም ተወውና ድምቀቱ ስንት ኒት እንደሆነ፣ የኋላ መብራቱ ቦታ ለይቶ ይደበዝዝ እንደሆነ ጠይቅ። ካልተበላሸ ደግሞ ሴቲንግ ግባና «ቪቪድ» ከሚለው አውጥተህ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» ላይ አድርገው። መጀመሪያ ቢጫ ይመስልሃል፤ በሦስተኛው ቀን ዓይንህ ይለምደዋል። መጋረጃውን ዝጋ። ያቺን ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ጣላት። ላስቲኩንም ላጠው፣ በእናትህ።

ከሱቁ ሳልወጣ ልጁን አንድ ነገር ለመንኩት። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቁ ቲቪ ማር ይንጠባጠባል፣ እንጆሪ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ በቀቀን ክንፉን ይዘረጋል። ሁሉም ከፍላሽ ነው። «እስቲ ዲሽ ላይ አሳየኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዲሽ እዚህ አልገባም» አለኝ።

ሪሞቱን ግን አገኘልኝ። ባትሪው ለብቻው ነው የሚሸጠው አለኝ።