የብር ምንጭ

ታላቅ ወንድማችን የሚኖረው አሜሪካ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ሐበሻ በሞላባት ከተማ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የብር ምንጭ» ማለት ነው። ከዘመዶቻችን መካከል እንግሊዝኛ የማያውቁትም ጭምር ይህን ትርጉም ማንም ሳይነግራቸው ደርሰውበታል።

የስሙን ታሪክ ጋሼ ራሱ ነው የነገረን። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ብሌር የሚባል ጋዜጠኛ በፈረስ ሲንሸራሸር አንድ ምንጭ ያገኛል። ውሃው ውስጥ ያለው ማይካ የሚባል አንጸባራቂ ማዕድን በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ብር ይመስላል። በቃ፣ ስሙ ወጣ።

«ታዲያ ምንጩ አሁንም አለ?» አለች እናቴ።

«የለም፣ ደርቋል እማዬ።»

እናቴ ክው አለች። እህቴ «ስለ ውሃው ነው'ኮ የሚያወራው» ብላ በክርኗ ጎሸም ባታደርጋት ኖሮ ቤታችን ለቅሶ ሊሆን ነበር።

ይሄ ወንድማችን ዘንድሮ መጣና ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ «ወንዶ ገነት እንሂድ» አለ። በ1978 ዓ.ም. አባታችን ከመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ለምኖ እዚያ ፍል ውሃ ወስዶን ነበር። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ዘመን! ሰበቡ የአያታችን ጉልበት ነው። እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነው። የማስታውሰው የአያቴን ጩኸት፣ ትኩስ ድንችና መንገድ ላይ ማስመለሴን ብቻ ነው። ጋሼ ግን ሁሉንም ያስታውሳል። ሲያወራው ዓይኑ እንባ ያቀራል። «ገንዳው ጠርዙ ሰማያዊ ነበር» ይላል። «ሸረፍረፍ ያለ ሰማያዊ። አጠገቡ ደግሞ ድመት ነበረች።»

ፍል ውሃማ እዚሁ አዲስ አበባ መሀል አለ። እንዲያውም ከተማዋ የተቆረቆረችው በእሱ የተነሳ ነው። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ብርድ ሽሽት ወደ ፊንፊኔ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። ወረዱ፣ ወደዱት፣ በዚያው ቀሩ። ገላ ለመታጠብ ተብሎ በተቆረቆረች ከተማ ዛሬ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። ስለዚህ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ልንታጠብ መሆኑን የሰሙ ጎረቤቶች አንዳቸውም አልገረማቸውም። አንዷ እንዲያውም ጀሪካን ይዛ መጣች።

ጉዞው የታሰበው ለስድስት ሰው ነበር። መኪናውን የሚከራየው የብር ምንጩ መሆኑ ሲሰማ አሥራ ሰባት ሆንን። ጉልበቱን የሚያመው ዘመድ ስንት እንዳለን ያወቅነው ያን ቀን ነው። ኮስተር ተከራየን።

ጋሼ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠና ትዝታውን ጀመረ። ችግሩ የድሮው መንገድ ላይ አለመሆናችን ነው። በፈጣኑ መንገድ ነው የወጣነው። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ሁሉም ከአጥር ማዶ ያልፋሉ። «ቁም! ቁም! እዚህ ጋ ሽንኩርት እንገዛ ነበር!» ይላል ጋሼ። ሹፌሩ ትሑት ሰው ነው። «ጋሼ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው» ይላል። መቂም እንዲሁ አለፈች፣ ከነቲማቲሟ። ትዝታ እንኳ የክፍያ መንገድ ሲገባ መውጫው ሩቅ ነው። ዝዋይ ላይ ወርደን አሳ ጥብስ በላን። ባቱ ተብላለች አሁን፤ ጋሼ ግን ባሏ ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ ያገኛትን የድሮ ፍቅረኛ የሚጠራ ይመስል «ዝዋይዬ» ይላታል። ላንጋኖ አካባቢ እህቴ ከሰል ገዛች። እናቴ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ዝም።

ከሻሸመኔ ወደ ግራ ታጥፈን በሸንኮራና በጫቱ መሀል ወጣን። ደኑ ጥቅጥቅ እንዳለ ነው። ጉሬዛዎቹ ካባቸውን ደርበው ከላይ ያዩናል፤ አሥራ ሰባት በሽተኛ ከአንድ መኪና ሲወርድ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ምንጩ ከገንዳው ከፍ ብሎ ነው የሚፈላው። እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው። ሁለት ልጆች በቀይ የሽንኩርት መረብ ድንች ቋጥረው በገመድ ውሃው ውስጥ ነክረዋል። አንደኛው ገመዱን በእግሩ ጣት ይዞ በእጁ በቆሎ ይበላል። እንደ ዓሣ አጥማጅ ሳብ ያደርገዋል፣ በእንጨት ይወጋዋል፣ «ገና ነው» ይልና ይመልሰዋል። ሲበስል ልጡ ለሁለት ፈንድቶ ወጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨውና በርበሬ ነሰነሰልኝ። አፌን አቃጠለኝ። በዚያች ቅጽበት አምስት ዓመቴ ሆነ። እውነቴን ነው።

ጋሼ ድንቹን አላስታወሰውም። «ድንች አልነበረም» አለ። እሱ ሰማያዊውን ጠርዝ እየፈለገ ገንዳውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ሠራተኛውን «እዚህ ድመት ነበረች» አለው። ልጁ «መቼ?» አለ። «በ1978።» ልጁ ከልቡ አዘነለት።

አክስቶቼ ከሚወርደው ውሃ ሥር ተሰለፉ። ውሃው ትከሻቸውን ሲመታው አንዷ «በስመ አብ!» ስትል ሌላዋ «እሰይ!» ትላለች። አያቴም ልክ እንዲህ ነበሩ የሚጮኹት። ጋሼ ከስልኩ ላይ እያነበበ ያስረዳቸዋል። የተራራው ዝናብ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ጥልቅ ያለው የጋለ ድንጋይ ያሞቀዋል፣ ከዚያ ተገፍቶ ይወጣል።

«ድንጋዩን ማን አሞቀው ታዲያ?» አለች እናቴ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ይህችን ብቻ ነው። ጋሼ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ስንመለስ እናቴ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከምንጩ አስሞልታ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ ጋቢ አልብሳ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አንድ አጎታችን እስከ አዲስ አበባ በርጩማ ላይ መጣ። ለጀሪካን ቦታ መልቀቅ በቤተሰባችን ነውር አይደለም፤ አያታችንም ያኔ እንዲሁ አስጭነው ነበር።

ቤት ስንደርስ ውሃው በረዶ ሆኗል። መብራት የለም። እህቴ የላንጋኖውን ከሰል አቀጣጠለች። ፍል ውሃ እንደገና አፈላን፤ እንግዲህ ምን ይባላል። እናቴ ጓዳ ገብታ ስትፈልግ ቆየችና አሮጌውን የብረት ሳፋ አምጥታ ጋሼ እግር ሥር አስቀመጠችው። ጋሼ እግሩን ነከረ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው ሳፋው ላይ ቀረ።

ጠርዙ ሰማያዊ ነው። ሸረፍረፍ ያለ ሰማያዊ።

ማንም አልተነፈሰም።

«እማዬ...» አለ በመጨረሻ።

«ጆሮ ደግፍ ይዞህ ነበር» አለች እናቴ። «ከጎረቤት ትተንህ ነው የሄድነው። ስታለቅስ ስለከረምክ ከተረፈው ውሃ በዚህ ሳፋ አጠብንህ። ድመቷም የነሱ ናት።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኮስተሩን ማን ሊከራይልን?» አለችና ከማንቆርቆሪያው ትኩስ ውሃ ጨመረችለት።