ዩሪያ የጠገበ ግራር

ሰሞኑን ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ስለ ችግኝ ተከላ በተካሄደ ውይይት ላይ አንድ የዘርፉ ኃላፊ በቆላ የተተከሉ ችግኞች ለምን እንደማይጸድቁ ተጠየቁ። መልሳቸው አጭር ነበር። በደረቅ መሬት ችግኝ የሚሞተው ውሃ አጥቶ ነው፤ የአፈር ባክቴሪያ የሚባለው ነገር የላብራቶሪ ሰዎች ወሬ ነው፤ ለመጪው ተከላ የቆላ ችግኝ ጣቢያዎች ዩሪያ ይሰጣቸዋል፣ ችግኙም ፈጥኖ ይደርሳል አሉ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ የሻይ ዕረፍት ሆነ።

ስለ ውሃው ያሉትን ለጊዜው እንለፈው። ችግኝ ውሃ እንደሚፈልግ የካደ ሰው የለም። ከመስቀል አደባባይ እስከ አራት ኪሎ መንገድ ዳር የተተከለውን ዛፍ ቦቴ መኪና እየመጣ ያጠጣዋል። ሚሌ ወይም ሞያሌ ላይ ለሚተከል ግራር ግን ቦቴ የሚልክለት የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። እዚያ የሚተከል ችግኝ ዝናቡ በሚቆይባቸው ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥሩን ወደ ጥልቁ ካላወረደ አበቃለት። እንግዲህ ክርክሩ መሆን የነበረበት ያ ሥር እንዴት ይወርዳል በሚለው ላይ ነበር። እርሳቸው ግን ሥሩን የሚያሳጥረውን ነገር መድኃኒት ብለው አዘዙለት።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ ኪሎ ያህል አፈር በምትይዝ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ሁለት ጥፋት ያደርሳል። አንደኛ፣ ቅጠሉንና ግንዱን ያፋፋል፤ ሥሩ ግን ምግቡን እደጁ ስላገኘ ርቆ መሄዱን ይተዋል። ጣቢያው ላይ ሲያዩት ያምራል፣ ለፎቶም ይመቻል። ሜዳ ሲወጣ ግን ብዙ ቅጠል በጥቂት ሥር ተሸክሟልና ከሚጠጣው የሚተንበት ይበልጣል፤ ዝናቡ በቆመ በጥቂት ሳምንት ድርቅ ይላል። ያኔ ውሃ አጥቶ ሞተ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ፣ ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ ከተትረፈረፈ ግራሩ ናይትሮጅን ከአየር ከሚይዙለት የአፈር ባክቴሪያዎች ጋር ያለውን ሽርክና ያቋርጣል፤ እነርሱ የሚኖሩበትን እባጭ ሥሩ ላይ አያወጣም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ዛፉ ከአየር በነጻ የሚወስደውን ከልክለን፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጅቡቲ በከባድ መኪና የተጓዘውን እናበላዋለን።

ወሬ ነው ለተባለው ያህል፣ ወሬው ከ130 ዓመት በላይ ቆይቷል። ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን በ1886 (እ.ኤ.አ.) ያረጋገጡት ነገር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገው። ሪዞቢያ የሚባሉት እነዚህ ባክቴሪያዎች በሥሩ ፀጉር በኩል ገብተው እባጭ ይሠራሉ። ዛፉ ስኳር ይሰጣቸዋል፤ እነርሱ ከአየሩ 78 በመቶ ከሆነው ናይትሮጅን እየያዙ አሞኒያ ያደርጉለታል። ሥራው ጉልበት ይበላል። ለአንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ቢያንስ 16 ኤቲፒ (ሕዋስ የጉልበት ስንቅ አድርጎ የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ይጠፋል፤ ኤቲፒ ደግሞ ያለ ፎስፈረስ አይሆንም፣ የቆላው አፈር ፎስፈረስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በኖራ ተይዟል። ስለዚህ ለችግኝ ጣቢያ የግድ ማዳበሪያ ይላክ ከተባለ መላክ የነበረበት ናይትሮጅን የሌለበት የፎስፈረስ ማዳበሪያ፣ ቲኤስፒ ነው። ፎስፈረስ ያለበት ሌላው ማዳበሪያ፣ ኤንፒኤስ እንኳ 19 በመቶ ናይትሮጅን አለበት።

ዋናው ጉዳይ ግን ላስቲኩ ውስጥ ያለው አፈር ነው፤ አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው ያላነሳው እርሱን ነው። የተለመደው ድብልቅ የጫካ አፈር፣ ኮምፖስት ወይም ፍግ፣ እና አሸዋ ነው። የጫካ አፈር የተባለው ከየት ይመጣል? መኪና ከሚደርስበት፣ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዛፍ ወይም ከጽድ ሥር። ባሕር ዛፍ ሥር የግራር ሪዞቢያ ምን ይሠራል? ስለዚህ ችግኙ ሦስት አራት ወር ሙሉ ከሸሪኩ ጋር ሳይገናኝ ያድግና፣ ባዶ እጁን ወጥቶ ዓመታት ዛፍ ያላየ፣ የላይኛው አፈሩ ታጥቦ ያለቀ ገደል ላይ ይተከላል።

ማስተካከያው ተአምር አይጠይቅም። የግራር ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውሃ ይፈስበትና እዚያው ውስጥ እየቀዘቀዘ እስከ 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ባክቴሪያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ ለውሶ ኋላ የፈላ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ባክቴሪያውን ቀቅሎታል። ለመለወስ 40 ግራም የግራር ሙጫ በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይሟሟል፤ ሲቀዘቅዝ ህያው ማዳበሪያው፣ ማለትም በከረጢት የሚመጣው ባክቴሪያ፣ ይጨመርበትና ዘሩ ይታሽበታል። ሙጫው መርካቶ ከእጣንና ከከርቤ ጎን የሚሸጠው ነው፣ ከግራር የወጣ። የወረቀት ማጣበቂያ ሙጫ አይሆንም፤ እንዳይበላሽ የተጨመረበት ኬሚካል ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። የተለወሰው ዘር በጥላ ይንጠፈጠፋል፣ በዚያው ቀን ይዘራል።

ዘሩ ካመለጠ ችግኙ በበቀለ በሁለት ሳምንት ውስጥ በውሃ ይሰጣል። ሒሳቡን ላስላው። በአንድ ግራም 1 ቢሊዮን ሕዋስ ያለው አንድ ኪሎ ህያው ማዳበሪያ በ100 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ይይዛል። ለአንድ ችግኝ 10 ሚሊ ሊትር ግንዱ ሥር ቢፈስ 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ ይደርሰዋል፤ መቶው ሊትር ለ10,000 ችግኝ ይበቃል። መቶ ሺህ ችግኝ ላለው ጣቢያ አሥር ኪሎ ማለት ነው። ባጃጅ ይጭነዋል። ይህን ከዩሪያ ኩንታል ጋር ማወዳደር ራሱ ያሳፍራል።

የሚበላሸው በሌላ ነገር ሳይሆን በግዴለሽነት ነው። ከረጢቱ ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ መጋዘን ውስጥ ከፀረ ተባይ ጋር ይቀመጣል፤ ፀረ አረም በነበረበት ጀሪካን ይበጠበጣል፤ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ወዲያው ይደባለቃል። የቧንቧ ውሃ ክፍት በርሜል ውስጥ አድሮ ቢሆን ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ መስጠትና ወዲያው ውሃ አጠጥቶ ወደ ሥሩ ማውረድ ሲገባ፣ በቀትር ቅጠሉ ላይ ረጭተው የሚሄዱ አሉ። ከዚያ ህያው ማዳበሪያ ሞከርነው፣ አልሠራም ይባላል። ሌላው የተለመደ ስህተት ለሽምብራ ወይም ለአኩሪ አተር የተዘጋጀውን ከረጢት ለግራር መስጠት ነው። የሽምብራው ሜሶሪዞቢየም ነው፣ የአኩሪ አተሩ ብራዲሪዞቢየም፤ ሁለቱም የተመረጡት ለየራሳቸው ሰብል ነው። ሙጫ የሚሰጠው ግራር ባብዛኛው ፈጥነው ከሚያድጉ ሪዞቢያ ጋር ይስማማል፤ በትግራይ ሞሞና፣ በኦሮሚያ ገርቢ የሚባለው ደግሞ በዝግታ ከሚያድጉት ጋር። የአገራችን ተመራማሪዎች ከግራሮቻችን ሥር ለቅመው ለይተው የጻፏቸው ዝርያዎች ጥቂት አይደሉም። ችግሩ ከመደርደሪያ ወጥተው ከረጢት ውስጥ አለመግባታቸው ነው።

ከረጢቱ ከሌለስ? ጤነኛ ከሆነ ጎልማሳ፣ ያው ዝርያ ከሆነ ግራር ሥር የላይኛውን ቅጠላ ቅጠል ገልጦ፣ ቀጫጭን ሥር ካለበት አፈር ቆፍሮ፣ ከላስቲኩ ድብልቅ አንድ አሥረኛውን በእርሱ መተካት ነው። እርግጥ ነው፣ ከአፈሩ ጋር ኔማቶድ የሚባለው ሥር የሚያሳብጥ ጥቃቅን ትልም ሊመጣ ይችላል። ለዚህ መላው ስድስትና ስምንት ሳምንት ላይ መፈተሽ ነው። ላስቲኩ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍና አፈሩ በእርጋታ ይታጠባል፤ ጎትቶ የነቀለ ሰው እባጮቹን አፈሩ ውስጥ ጥሏቸው ይወጣል። የባክቴሪያ እባጭ ሥሩ ጎን ላይ የተለጠፈ ነው፣ በጣት ሲገፉት ይለቃል። ኔማቶድ ያመጣው እብጠት ሥሩ ራሱ ያበጠ ነው፣ አይለቅም። ከዚያ እባጩን በምላጭ ለሁለት መሰንጠቅ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ይሠራል፤ ቀለሙ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ፣ ኦክስጅን የሚቆጣጠር ፕሮቲን ነው። ነጭ ከሆነ ተቀላቢ ነው፣ ስኳር ይበላል እንጂ አይሠራም። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ያረጀ ነው። ከዋናው ሥር አናት ላይ የተሰበሰቡ ወፈር ያሉ እባጮች ከታዩ ባክቴሪያው በጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ባክቴሪያው አፈሩ ውስጥ ስላለ ዛፉ ራሱ ያገኘዋል የሚሉም አሉ። ከሌላው ይሻላል፣ ግን ይህም ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው። በሴኔጋል የገርቢ ሥር ተከትለው የቆፈሩ ተመራማሪዎች በ34 ሜትር ጥልቀት ሳይቀር ብራዲሪዞቢየም አግኝተዋል። አዎ፣ አለ፤ ዛፉ ባለበት። ግራሩ ተቆርጦ ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ከገባ፣ የላይኛው አፈርም በጎርፍ ከሄደ በኋላ ግን አለ ብሎ መማል ግምት ነው። አለ የሚል ሰው የተከላውን ቦታ አፈር አምጥቶ በጥቂት ኩባያ ግራር ይዝራ፣ በስምንተኛው ሳምንት ይጠብ፣ ይቁጠር። ሮዝ እባጭ ሞልቶ ካገኘ ህያው ማዳበሪያውን ይተወው፣ እኔም ዝም እላለሁ። ይህን ሙከራ ሳይሠሩ ተፈጥሮ ያውቃል ማለት ስንፍናን በፍልስፍና መሸፈን ነው።

ለአፈሩም ያለው ጥቅም በችግኝ አያበቃም። ገርቢ በክረምት ቅጠሉን የሚያረግፍ፣ በበጋ የሚለመልም ዛፍ ነው። ዝናቡ ሲገባ ደግሞ በጋውን ደርቆ የቆየው አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ ነቅተው የሞተውን ሁሉ ማፍረስ ይጀምራሉ፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ላይ የሠራው የአፈር ተመራማሪ በርች በዝርዝር ያሳየው ነገር ነው። ያን ጊዜ አፈሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ናይትሮጅን ይለቃል። ገርቢው ቅጠሉን የሚጥልላቸው ልክ በዚያው ሰሞን ነው። ገበሬውም የሚዘራው ያኔ ነው። በሐረርጌ ደጋማ አካባቢ ተደርጎ በ1986 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በዚህ ዛፍ ሥር የበቀለው በቆሎና ማሽላ ዛፍ ከሌለበት በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ እንዳለው አሳይቷል። ከብቱ ጥላ ፍለጋ መጥቶ የሚጥለው ፍግም ድርሻ አለው ይባላል፤ ይኑረው። ከብት የሌለበት ዛፍ ሥርም አፈሩ ይጠቁራል።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ፣ ምክንያቱም ኃላፊው ባክቴሪያን ከውሃ ጋር ያጣሉት በከንቱ ነው። ድርቅ የመታው ችግኝ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ኤቲሊን ሥሩን ከእድገት ያግደዋል። ሥር ዙሪያ ከሚኖሩ ሱዶሞናስና ሌሎች ባክቴሪያዎች መካከል የኤቲሊኑን ጥሬ ዕቃ እየበሉ የሚቀንሱለት አሉ፤ ሥሩም ድርቁ ውስጥ መውረዱን ይቀጥላል። ሌሎች ደግሞ ሙጫ መሰል ነገር እየለቀቁ አፈሩን ሥሩ ላይ ያጣብቁታል፣ እርጥበቱም ቶሎ አይሸሽም። ውሃ ብቻ ነው ችግሩ የሚል ሰው እንዲያውም ለባክቴሪያ ከሁሉ በፊት መከራከር ነበረበት።

ለሁሉም ዛፍ ሪዞቢያ የሚሰብኩትም ቢሆኑ አደብ ይግዙ። የእጣን ዛፍ፣ ቁርቁራና በደኖ እባጭ አያወጡም። ሮቃ ከባቄላ ቤተሰብ ቢሆንም አያወጣም። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ማይኮራይዛ ነው፣ እርሱ ደግሞ ፈንገስ ነው። ሸውሸዌ እባጭ ያወጣል፣ ግን ፍራንኪያ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ጋር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባልን። ስንቱ ሥሩ ላይ እባጭ ይዞ ወጣ ብሎ የጠየቀ አልተሰማም፤ የሚጠየቀው ብዛትና ቁመት ነውና። ቁመት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ዩሪያ ማዘዙ አይቀርም፣ ቁመት የሚሰጠው እርሱ ስለሆነ። ርክክቡ ላይ አንዲት መስመር ትጨመር፦ ከየመደቡ አሥር የግራር ችግኝ ታጥቦ፣ ቢያንስ በሰባቱ ላይ ውስጡ ቀይ የሆነ እባጭ ካልተገኘ መኪና ላይ አይጫንም። ለዚህ ባልዲና ምላጭ ይበቃል። የታዘዘው ዩሪያ ደግሞ ለጤፍ ገበሬው ይሂድለት፤ በዘር ወቅት አጥቶት የሚጮኸው እርሱ ነው።