ከየት እንደወጣ የማይነገርለትን የአክሱም ሳንቲም አንግዛ

በኢንተርኔት ጨረታ ላይ «ኢትዮጵያ» ብሎ የፈለገ ሰው የሚመለከተው አያጣም። የምኒልክ ብር፣ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ሳንቲም፣ በመካከላቸውም ገና አፈሩ ያልለቀቀው የአክሱም የነሐስ ሳንቲም ተደርድረው ይቆያሉ። ከሚጫረቱት መካከል የእኛ ሰዎችም አሉበት። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ቅድመ አያቶቹ የተገበያዩበትን ገንዘብ በእጁ ለመያዝ መመኘቱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ እኔም የምጽፈው ይህን ፍቅር ለማቀዝቀዝ አይደለም። ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ ገንዘብና ትናንት ከማሳ ተቆፍሮ የወጣ ገንዘብ ጎን ለጎን ስለቀረቡ ብቻ አንድ አይሆኑም። የመጀመሪያውን እንግዛ፤ እንዲያውም እንሻማበት። ሁለተኛውን ግን ማስረጃ እስካልቀረበለት ድረስ አንንካው።

በመጀመሪያው ልጀምር። እዚህ ላይ ከሌላው ተጫራች የምንበልጥበት ነገር አለን፤ ሳንቲሙን ማንበብ እንችላለን። በእነዚህ ገበያዎች ዘወትር ከሚታዩት ስሕተቶች አንዱ የዓመተ ምሕረት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ላይ ፲፱፻፴፮ ተብሎ ተጽፏል። የአገሩን አቆጣጠር የማያውቅ ሻጭ ይህንኑ 1936 ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ገዢውም በጣሊያን ወረራ ዓመት የተመታ ሳንቲም ያገኘ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 ግን ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው ነበር። በሳንቲሙ ላይ ያለው 1936 የእኛው ነው፤ በፈረንጆቹ 1943 እና 1944 ላይ ይውላል። ሳንቲሞቹ በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ተመትተው እ.ኤ.አ. በ1945 ከታወጀው አዲሱ ብር ጋር ሥራ ላይ ዋሉ። ከዚያም በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ በብዛት ተመትተዋል። ስለዚህ «ብርቅዬ የ1936 ሳንቲም» የተባለው አሥር ሳንቲም ለመታሰቢያነት ይገዛ ይሆናል እንጂ ብርቅነት የለውም። ከዚያ ዘመን ለማግኘት የሚያስቸግረው ክብ የሆነው ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር በመጠን እየተመሳሰለ ስላስቸገረ ተሰብስቦ፣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጠርዙ የተሸነሸነው ሃያ አምስት ተተካ። ክቡንና ሽንሽኑን መለየት ለማንም ቀላል ነው፤ ዋጋቸው ለምን እንደሚለያይ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የምኒልክ ብር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፣ በሚዛንም በታሪክም። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የገንዘብ መምቻ ቤት ሲመታ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ንጥር ብሩም ከሺህ 835 እጅ ሆኖ የወጣው በጊዜው በአገሩ ላይ ገዢ ከነበረው ጠገራ ጋር እንዲስተካከል ነው። በአንድ በኩል ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ከሚል ጽሑፍ ጋር አሉ፤ በሌላው በኩል ባንዲራ የያዘው አንበሳ ይታያል። እግሩን ልብ ብላችሁ እዩት። በ1887 በተመታው ላይ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን አንሥቷል፤ በ1892 በተመታው ላይ ግን የቀኙን። በሻጩ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመትና በሥዕሉ ላይ ያለው እግር ካልተስማሙ አንድም ሻጩ ቁጥሩን አላነበበም፣ አንድም ዕቃው ሐሰተኛ ነው። ሐሰተኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው፤ ፊደሎቹ ደንዝዘው፣ ገጹ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ እየታየች፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የስፌት መስመር ይተዋል። ስለዚህ የፊትና የኋላ ፎቶግራፍ አይበቃም፤ የጠርዙንና ሚዛን ላይ ተቀምጦ የተነሣውን ጠይቁ። የማይልክ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብሮቻችን ብዙዎቹ ጌጥ ሆነው ኖረዋል። ማንጠልጠያ ተበይዶባቸው በአንገት የታሰሩ፣ ማንጠልጠያው ተነቅሎ ጠባሳው የተሞረደላቸው ሞልተዋል። ሰብሳቢ ይህን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ዋጋውን ይቀንሳል፤ እኔ ግን ባለ ጠባሳውን ብር እወደዋለሁ፤ ሻጩ ጠባሳውን እስካልደበቀ ድረስ። የወረሳችሁት ብር ካለ ደግሞ ለመሸጥ ብላችሁ አትፈትጉት። በአመድም ሆነ በኬሚካል የተፈተገ ብር ያብረቀርቃል፤ በጨረታ ላይ ግን ግማሽ ዋጋውን ሊያጣ ይችላል።

ስለ ጠገራው አጭር ቃል ይበቃል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ይህን ዓመት የያዘው ብር ግን ከሞተች በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል። ሙሶሊኒ ለወረራው ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1935 መምቻውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ማስመታት ጀመረ። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ገበሬው በየገበያው በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥና በዘውዷ ላይ ያሉትን እንቁዎች እየቆጠረ የሚቀበለው ስለጠረጠረ ነበር፤ ትክክል ነበር። «የ1780 ኦሪጅናል» የሚለውን ማስታወቂያ ያየ ሰው የየትኛው መምቻ ቤት እንደሆነ ባለሙያ እስካላረጋገጠለት ድረስ በውስጡ ላለው 23 ግራም ገደማ ንጥር ብር ከሚከፈለው ብዙም ባይርቅ ይሻለዋል።

የጨረታው አካሄድ ራሱ ወጥመድ አለው። የምትችሉትን ከፍተኛ ዋጋ ቀድማችሁ ትሰጣላችሁ፤ ድረ ገጹ ተፎካካሪ በመጣ ቁጥር በእናንተ ስም እያሳደገ ይሄዳል። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሌላው ሲገባ እልህ ይይዛል፤ እልህ ደግሞ ዋጋ አያውቅም። ካሸነፋችሁ በኋላ አጫራቹ ድርጅት ከገዢው የሚወስደው ኮሚሽን አለ፤ በታወቁት ቤቶች ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ ነው። የፖስታውና የጉምሩኩም ይጨመራል። ሳንቲሙ እንደ ኤንጂሲ ወይም ፒሲጂኤስ ባሉ ድርጅቶች ተመርምሮ፣ ከ1 እስከ 70 ደረጃ ተሰጥቶት በፕላስቲክ ታሽጎ ከቀረበ ጥሩ ነው፤ የምስክር ወረቀቱን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አመሳክሩ፤ እሽጉም በሐሰት ይሠራልና። ይህ ማኅተም የሚናገረው ግን ዕቃው እውነተኛ መሆኑን ነው። ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ምንም አይመልስም። ወደ አክሱም ስንመጣ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

የአክሱም ነሐስ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በአንዳንዱ ላይ፣ አፈሩ በጥንቃቄ ከተነሣ፣ በመስቀሉ ዙሪያ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ቀጭን ወርቅ ተለብጦ ይታያል፤ ነሐስን በወርቅ ማስጌጥ የአክሱም ሳንቲም መለያ ነው። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ከተመቱት ብዙዎቹ የንጉሥ ስም የላቸውም፤ በግሪክ ፊደል የተጻፈባቸው «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ምኞት ነው። የጥንቱ እምነት ምልክት የሆኑት ጨረቃና ፀሐይ ወርደው መስቀል ሲተካ የምናየው በእነዚሁ ሳንቲሞች ላይ ነው። እንዱቢስንና አፊላስን የመሰሉ ነገሥታት በዋነኛነት የሚታወቁት በሳንቲማቸው ነው። መጽሐፍ አልተጻፈላቸውም፤ ማን ማንን ተከተለ የሚለውን ያወቅነው ሊቃውንት ሳንቲሞችን ከክብደታቸው፣ ከጽሑፋቸውና ከተገኙበት ቦታ ጋር እያስተያዩ ነው።

የተገኙበት ቦታ ምን ያህል እንደሚናገር አንድ ምሳሌ ላንሣ። በየመን አል መዳሪባ በተባለ ስፍራ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ጋር በአንድ ክምችት ተገኝተዋል። የሮማ ነገሥታት ዘመን ስለሚታወቅ አብረዋቸው የተቀበሩት የአክሱም ነገሥታት ዘመንም ተጠጋግቶ ሊታወቅ ቻለ። በደቡብ ሕንድ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ እየተበሱ ጌጥ የሆኑ የአክሱም ወርቆች ተገኝተዋል፤ ከዚህም የቀይ ባሕር ንግድ እስከ የት እንደደረሰ እንማራለን። እነዚያ ወርቆች ከጉድጓዱ ወጥተው አንድ በአንድ በየጨረታው ቢበተኑ ኖሮ እያንዳንዳቸው የሚያምሩ ወርቆች ሆነው ይቀሩ ነበር፤ አብረው ሲሆኑ የሚናገሩትን ግን ማንም አይሰማም ነበር። በትግራይና በኤርትራ ማሳዎች ከዝናብ በኋላ ብቅ እያሉ ለቱሪስት የተሸጡት ነሐሶች የደረሰባቸው ይህ ነው።

ሻጮች አንድ እውነት አላቸው፤ የአክሱም ሳንቲም ሁሉ ከእኛ መሬት አልወጣም። ከላይ እንዳልኩት ከየመንና ከሕንድ የወጣ አለ። በአውሮፓም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የግል ስብስቦች አሉ፤ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከኢትዮጵያ ይዞ የተመለሰው ይታወቃል። ከእንዲህ ዓይነቱ አሮጌ ስብስብ የወጣ፣ በየትኛው ጨረታ በየትኛው ዓመት እንደተሸጠ በካታሎግ የሚታይ ሳንቲም ሲገኝ መግዛትን አልቃወምም። ችግሩ ይህን የሚያሳይ ወረቀት ያለው ሻጭ በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። አብዛኛው «ከአሮጌ የአውሮፓ ስብስብ» ብሎ ያልፋል። ማን እንደሰበሰበው፣ መቼ እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅ አይናገርም። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ማስረጃ አይደለም።

ከወገኖቼ ደጋግሜ የምሰማው መልስ «እኛ ካልገዛነው ፈረንጅ ይገዛዋል፤ ቢያንስ በእኛ እጅ ይቀመጥ» የሚል ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ጨረታ ዋጋ የሚያድገው በሁለት ተጫራቾች ፉክክር ነው። ከሥሙኒ ላቅ ብሎ ሊሸጥ የነበረው ነሐስ በእኛ ፉክክር ዋጋው ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ወሬው ከአጫራቹ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ደላላው፣ ከደላላው ወደ መንደሩ ይደርሳል። በሚቀጥለው ክረምት የሚቆፈረው ማሳ የሚበረክተው እንዲህ ነው። ፈላጊ ካለ ቆፋሪ አይጠፋም። የትግራዩ ጦርነት ካስከተለው ጥፋት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከኢትዮጵያ ተዘርፈዋል ተብለው የተጠረጠሩ ቅርሶች ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ለሽያጭ መቅረባቸው በውጭ መገናኛ ብዙኃን ተዘግቧል። በዚህ ጊዜ ወረቀት የሌለውን የአክሱም ሳንቲም «ለማዳን» የሚገዛ ሰው ማንን እየደገፈ እንደሆነ አያውቅም።

ስለዚህ ከመጫረታችሁ በፊት ለሻጩ ጻፉ። ሳንቲሙ እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት ከተገኘበት አገር ስለመውጣቱ ወይም በሕጋዊ ፈቃድ ስለመውጣቱ ምን ማስረጃ አለህ? ብላችሁ ጠይቁ። ዓመቱ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ ዩኔስኮ በባህላዊ ቅርሶች ሕገ ወጥ ዝውውር ላይ ያወጣው ስምምነት ዓመት ነው፤ ብዙ ሙዚየሞችም እንደ ወሰን ይጠቀሙበታል። መልስ ካልመጣ ገጹን ዝጉ።

ይህን ሁሉ ከገዢው ብቻ መጠበቅ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ሳይታሰብ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሕጉ አለ። የታወቁት አጫራቾች ካታሎጋቸውን ከጨረታው ሳምንታት አስቀድመው ለሁሉም ክፍት ያደርጋሉ፤ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይህን የሚከታተል አንድ ባለሙያ ቢመድብ የሚያስፈልገው ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ነው፤ አጠራጣሪ ዕቃ ሲያይም ለአጫራቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤ ምን እንደሚሠራ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶች ለጨረታ ሲቀርቡ፣ በለንደን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ከጨረታው ወጥተዋል፤ በኋላም በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ተገዝተው ለኢትዮጵያ ተሰጥተዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚቆረቁረኝ ሳንቲሙን መጀመሪያ የሚያነሣው ሰው ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት የቅርስ ግኝት ሕግ፣ የወርቅ ወይም የብር ሳንቲም ክምችት ያገኘ ሰው ለመንግሥት ሲያስታውቅና ሙዚየም ሲወስደው የገበያ ዋጋው ይገመትና ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት ይከፈላል። ለነጠላ ሳንቲሞችም ቦታው ተመዝግቦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለአግኚው የሚመለስበት የፈቃደኝነት አሠራር አላቸው። የእኛ ገበሬ ማሳው ውስጥ ያገኘውን ነሐስ ይዞ ወደ ወረዳ ቢሄድ መጀመሪያ የሚፈራው መጠየቅን ነው፤ ደላላው ግን ጥሬ ገንዘብ ይዞ ደጁ ድረስ ይመጣል። ባለሥልጣኑ ከደላላው ጋር መወዳደር ያለበት በማስፈራራት አይደለም፤ በዚያው ወረዳ፣ በዚያው ቀን፣ ሳንቲሙ የተገኘበትን ማሳ መዝግቦ ተገቢውን ዋጋ በመክፈል ነው። ውጭ የምንኖረው ሰዎች ለጨረታ ያዘጋጀነውን ገንዘብ ለዚህ ዓይነት ክፍያ የሚውል ቋት ቢኖር ዛሬውኑ እናዋጣ ነበር። እንዲቋቋም እንጠይቅ።