መታዘዝ የተመሪ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተሰጠ የአመራር ሥልጠና አንድ አሠልጣኝ «መታዘዝ የተመሪ ባሕርይ ነው፤ ከመሪ የሚጠበቀው ራእይና ውጤት ነው፤ እምነት ደግሞ የግል ጉዳይ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እዚያው ተቀምጬ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል።

እምነት የግል ጉዳይ ነው የሚለውን ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ይንገሩት። የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ለያዘ ሰው እምነቱ ራሱ ሥራው ነው። በዚህ ላይ ሌላ ቃል አላባክንም፤ የባሰው የፊተኛው ነው።

መታዘዝ የተመሪ ብቻ ከሆነ ንጉሥ ሳኦል ስለ ምን ተጣለ? በዚያ ሥልጠና መመዘኛ ቢለካ እኮ አንደኛ የሚወጣ መሪ ነው። ዘምቶ ድል አድርጓል። የሰባውን በግና በሬ መርጦ ይዞ ተመልሷል፤ ያውም ለመሥዋዕት ነው ብሎ። ቀርሜሎስ ላይ ስሙ እንዳይረሳ ዓምድ አቁሟል። የሕዝቡንም ድምፅ ሰምቷል፤ ሕዝቡን ፈርቼ ቃላቸውን ሰማሁ ብሎ የተናዘዘው ራሱ ነው። ራእይም ውጤትም ተሳትፎም ሞልቶለታል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ አማሌቅን ከነከብቱ አጥፋ ተብሎ ሳለ የታዘዘውን አላደረገም። ነቢዩ ሳሙኤልም ሲመጣ የምርኮውን ብዛት አልጠየቀውም። ይህ በጆሮዬ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው አለው እንጂ። መንዝ ያደገ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ጭጋግ ወርዶ መንጋው ከዐይን ቢሰወር እንኳ በግ ድምፁ ያጋልጠዋል፤ የሰው በግ የደበቀ እረኛ ጎረቤቱን ማታለል አይችልም።

ይህን ጥያቄ በራሴ አጥቢያ ሰምቼዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተከትለው ሱቆች ተሠሩ፤ አንዱ ለመጠጥ ግሮሰሪ ተከራየ። በዓመቱ ስብሰባ ሰብሳቢው ገቢው ማደጉን ሲያነቡ እልልታው ቀለጠ። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ ገበዙ አባታችን ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላ ወንበር ተነሡና «ልጆቼ፣ ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት ስንቆም ከጀርባችን የምንሰማው ምንድን ነው?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ገለጡና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። እኔም ዝም አልሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንግዲህ በዚያ ቀን ሕዝቡን የመራው ማን ነበር? ገቢውን ያነበቡት ናቸው ወይስ የሚፈሩት አምላክ ያስነሣቸው ሽማግሌ?

ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው መሪ ሳይታዘዝ መሪ የሚሆነው? ገዳም የገባ ሰው መንኩሶ ቆብ ከመድፋቱ በፊት በአመክሮ፣ ማለትም በመፈተኛው ጊዜ፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሸከማል፣ እህል ይፈጫል፣ አረጋውያንን ይረዳል። የገዳሙ አለቃ አበምኔት የሚመረጠው ይህን ካለፉት መካከል ነው። የቡልጋው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወርደው ለገዳሙ አለቃ ለአባ ኢየሱስ ሞዐ እንደ ጀማሪ የታዘዙት ክህነት ከተቀበሉና ሸዋን ዞረው ካስተማሩ በኋላ ነው። ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ገዳም የመሠረቱት ደግሞ ከዚያ ሲመለሱ ነው። እንግዲህ ተክለ ሃይማኖት ተመሪ ብቻ ነበሩ ልንል ነው?

አሠልጣኙ ሲጠየቁ «መታዘዝን ካበዛን አምባገነን እናፈራለን» ብለው መለሱ። ትእዛዝን ዱላ ያደረጉ አለቆች መኖራቸውን አልክድም። እነሱ ግን ሌላውን አዘዙ እንጂ መቼ ታዘዙ? ለእግዚአብሔር የታዘዘ ሰው ለአምባገነን የሚመች አይደለም። የፍቼው ተወላጅ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ለጣሊያን ተገዙ፣ ሕዝቡንም አስገዙ ሲባሉ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ያን እምቢታ የወለደው መታዘዛቸው ነው። በራእይና በውጤት ቢያሰሉትማ ኖሮ አድረው መኖር ያዋጣቸው ነበር፤ ወራሪው በዚያን ጊዜ ከተማውን ይዟል፣ ንጉሡም ተሰደዋል።

ሥልጠናው በሌሎች ወረዳዎች እንደሚቀጥል ሰምቻለሁ። ከመቀጠሉ በፊት አሠልጣኙ ያን አባባል በዚያው መድረክ ያርሙ። አዘጋጆቹም ለአንድ ቀን እንኳ በአመክሮ ያለፈ አባት ከገዳም ጠርተው በአሠልጣኙ ወንበር ያስቀምጡ። የኛን አጥቢያ በተመለከተ የግሮሰሪው ኪራይ ውል በሰኔ ያልቃል። ይታደስ አይታደስ የሚወስኑት በሥልጠናው ቀን ከእኔ ጎን ተቀምጠው ያጨበጨቡት ሰዎች ናቸው። በዚህኛው ስብሰባ ገበዙ ብቻቸውን አይነሡም፤ እኔም እነሣለሁ።