«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ላላችሁኝ ሁሉ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ልጄ አልጋ ሥር ገብቷል። የሦስት ዓመቷ እህቱ ከንፈሯን በሁለት እጇ ጨምድዳ «አፌ ተኝቷል» ትለኛለች። እኔ በአንድ እጄ ሁለት ብሩሽ፣ በሌላው ጆግ ይዤ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። ጆግ የያዝኩት የውሃ ፈረቃችን ዛሬ ስላልሆነ ነው።

ይሄ በየማታው ነው። በየማታው! ትናንት ቦርሸዋል። ከትናንት ወዲያም ቦርሸዋል። ዛሬ ግን ገና ዛሬ የተፈጠረ ግፍ የደረሰበት ይመስል ያለቅሳል።

ደግሞ ማጭበርበር ተምሯል። መጀመሪያ ብሩሹን አርጥቦ ይሰቅልና «ጨረስኩ» ይል ነበር። ነቃሁበት። «እስኪ ሃ በል» ማለት ጀመርኩ። አሁን የጥርስ ሳሙናውን በጣቱ ምላሱ ላይ ይቀባና ደረቱን ነፍቶ «ሃ» ይለኛል። ይሄን ብልሃት ሂሳብ ላይ ቢያውለው የት በደረሰ!

ግን ልጅ ልጅ ነው። እኔን ያናደዱኝ አዋቂዎቹ ናቸው።

«የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ይወልቃል እኮ፣ ምን አስጨነቀሽ!» አማቴ ብለውኛል። ጎረቤቴ ብላኛለች። ባለቤቴ ዓይኑን ከኳሱ ላይ ሳይነቅል ብሎኛል። እውነት ለመናገር፣ ከሥራ ደክሞኝ የገባሁ ቀን እኔም ብያለሁ። ለራሴ።

ባለፈው ወር ልጁ በግራ በኩል ማኘክ አቆመ። ወሰድኩት። ሐኪሟ በትንሿ መስታወት አየችና «ይሄ የወተት ጥርስ አይደለም፣ ቋሚ ነው» አለችኝ። እንዴት? ከኋላ የወለቀ ጥርስ የለውም! ለካ ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ የሚበቅል መንጋጋ አለ። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት። ማንንም ሳያስወልቅ፣ ደም ሳያሳይ፣ ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። የወተት ጥርስ 20 ብቻ ነው። ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ትርፉን አውቀው ነበር። ግን የልጁን ጥርስ የሚቆጥር ማን አለ? ዕድሜ ልኩን ሊያኝክበት የመጣው ጥርስ በወጣ በዓመቱ ነቀዘ። አስሞላነው። ጩኸቱን አልነግራችሁም።

የወተት ጥርስም ቢሆን «ይወልቃል» ተብሎ አይተውም አለችኝ። የኋለኞቹ እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ጎረቤቶቻቸው ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ። ቋሚው ሲመጣ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ቁልፍ ይዞ ሲሄድ ሰው ገብቶበት እንዳገኘ ሰው ይሆናል። ተጣሞ በጎን መውጣት ነው ዕጣው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ እንምጣ። ልጄን ዳቦ ግዛ ብዬ ስልከው «ዝርዝር የለም» ይልና መልሱን በከረሜላ ይሰጠዋል። ማስቲካ መቼ ነው ሳንቲም የሆነው? እኔ ነገ በከረሜላ ልክፈልህ ብለው ይቀበለኛል? ትምህርት ቤትም ያው ነው። ጥያቄ የመለሰ ልጅ ሽልማቱ ከረሜላ ነው። እንግዲህ ልጄ በጎበዘ ቁጥር ጥርሱ ይነቅዛል ማለት ነው። የልደቱን ጉዳይ ተዉት። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ቁጠሩና በየልደቱ የሚታደለውን ጣፋጭ አስቡት።

አማቴ ደግሞ መከራከሪያቸው ሌላ ነው። «እኛ በመፋቂያ ነው ያደግነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ ዛሬ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ያውም የገብስ። ግን እማዬ፣ በእርስዎ ልጅነት ጠዋት ዋፈር፣ ቀን ጁስ፣ ማታ ብስኩት ማን ሰጥቶዎት ያውቃል? ልላቸው እፈልጋለሁ። አልልም። ለአማት እንዲህ አይባልም፣ ፌስቡክ ላይ ግን ይጻፋል። (እሳቸው ፌስቡክ የላቸውም። ከነገራችኋቸው እዚያው እንጣላለን።)

ባለቤቴስ? የወንጂ ልጅ ነው። የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ እንዴት ቡኒ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በውሃው ውስጥ ያለው ብዙ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው ያደረገው። ፍሎራይድ ደግሞ የጥርስ ሳሙናችን ውስጥም አለ። ስለዚህ «ጥርሴን ያበላሸውን ነገር ለልጆቼ ገዝተሽ ታመጫለሽ?» ብሎ የጥርስ ሳሙናውን ደበቀብኝ። ደበቀብኝ! ሐኪሟ ጋ ይዤው ሄድኩ። እሱን የጎዳው ጥርሱ ገና ድዱ ውስጥ ሲሠራ በየቀኑ የጠጣው ነው፤ በብሩሽ የሚነካውና የሚተፋው ትንሹ ግን ጥርስን ያጠነክራል አለችው። ልኩ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ደግሞ አተር የምታህል። እኔ እንደ ማስታወቂያው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር እየሞላሁ፣ ልጅቷ እንጆሪ እንጆሪ እያለ እየጣማት ስትውጠው ነበር። ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው፣ ለማንም አልሰጥም።

ከቦረሹ በኋላ መትፋት ይበቃል፣ በብዙ ውሃ አይጉመጥመጡ ተባልን። ፈረቃ ላለበት ሰፈር የምሥራች ነው። ጆጉን ግን አልተውኩትም፣ ፊታቸውን ማን ያጥባል?

የከፋው ዜና ሌላ ነው። አራት ዓመት ሲሞላቸው ራሳቸው ይቦርሻሉ፣ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። ለካ እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ድረስ ወላጅ ነው መቦረሽ ያለበት። እጃቸው ገና አይታዘዝም። የጫማ ክሩን ማሰር ሲችል ጥርሱንም ይችላል አሉኝ። የልጄ ጫማ ደግሞ ክር የለውም፣ የሚለጠፍ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክር ያለው ልገዛለት ነው።

ትንሽ የረዳኝ ነገር አለ። መኝታ ሰዓት ላይ ማድረጉን ትቼ፣ እራት እንደበሉ፣ እንቅልፍ ሳይጥላቸው አቀረብኩት። ልጅቷም መጀመሪያ የእኔን ትቦርሻለች። ድዴን ትወጋኛለች፣ «ዝም በይ፣ አለቀ» ትለኛለች፣ በእኔው ድምፅ። ከዚያ አፏን ትከፍታለች። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ አንድ ተኩል ካገኘሁ አመሰግናለሁ። እንዲህ ሆኖልን ስንጨርስ አባትየው ከሳሎን «ወተት ልስጣቸው?» ይላል። ተቦርሾ ካለቀ በኋላ! ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፣ ጥርሱን የሚያጥብለት የለም፣ ስኳሩ እላዩ ላይ ያድራል። ስንቴ ልንገረው?

ነገ እሁድ ነው፣ አማቴ ይመጣሉ። ፌስታላቸውን በር ላይ ልቀበላቸው አስቤያለሁ። ባለፈው ሳምንትም ተቀብያቸው ነበር። ከረሜላው ለካ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነበር።